ሃይማኖት ልቡናን ይጠብቃል፥ ያድሳልም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

እግዚአብሔር አምላካችን ሰውን በአርአያውና በምሳሌው በፈጠረ ጊዜ ከእንስሳትና ከአራዊት የሚለይበትን ታላቅ ሀብት ሰጥቶታል። ይህም ሀብት ልቡና ነው። ሊቃውንቶቻችን ስለ ነፍስ ሲያስተምሩ ልባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት ይላሉ፤ ልባዊነቷንም በመጀመሪያ ያስቀምጡታል። ኃጢአትንም በኃልዮ፥ በነቢብና በገቢር ብለው ይከፍሉታል፤ ይኸውም በማሰብ፥ በመናገርና በመሥራት የሚፈጸም ማለት ነው። ሰው አስቀድሞ ያስባል፥ ቀጥሎ ይናገራል፥ በመጨረሻም ይሠራል። እንግዲህ የደግነትም ሆነ የክፋት ምንጩ ልቡና ከሆነ፥ ወንዙ ከደፈረሰ በኋላ ከመድከም ይልቅ ምንጩን አስቀድሞ መጠበቅ ይገባል።

አንዳንድ ሰዎች ግን ሃይማኖት ልቡናን ያስራል፥ የሚያምን ሰው መመርመርን ይተዋል እያሉ ይናገራሉ። ይህ አነጋገር የቤተ ክርስቲያናችንን ትምህርት ቤት ካለማወቅ የመጣ ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኰፋዳ አንግቶ፥ ቁራሽ ለምኖ በብርድ አገር የሚማረው ተማሪ ከፊደል እስከ ዳዊት፥ ከዜማ እስከ ቅኔ፥ ከቅኔ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚደርሰው ልቡናውን አሥሮ አይደለም። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ቢደግመው ነውር ይሆንበታልና በየዕለቱ አዲስ ምሥጢር ያወጣ ዘንድ ይደክማል። በትርጓሜ ቤትም አንዱን ቃል በብዙ መንገድ እየፈታ፥ አንዱን አንድምታ ከሌላው ጋር እያነጻጸረ ይማራል። ስለዚህ ሃይማኖት ልቡናን ይገራዋል፥ ያሠለጥነዋል እንጂ አያደነዝዘውም።

ነገር ግን የሠለጠነ ልቡና ሁሉ የተጠበቀ ልቡና አይደለም። ብዙ ያወቀ ሰው በቂም ሊያዝ፥ ብዙ የተማረ ሰው በተስፋ መቍረጥ ሊወድቅ ይችላል። ዛሬ የምንናገረውም ሃይማኖት ልቡናን እንዴት እንደሚጠብቅና ከቈሰለ በኋላ እንዴት እንደሚያድሰው ነው።

ስለ ጥበቃ

በደባርቅና በዳባት፥ በወገራ ሜዳና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የሚኖር ገበሬ ጥበቃ ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ገብሱ ማሸት በጀመረ ጊዜ ጭላዳው ከገደሉ እየወጣ ይገባበታል፤ ወፉም ከላይ ይወርድበታል። ስለዚህ ማማ ሠርቶ፥ ልጁን ወንጭፍ አስይዞ፥ በውርጭ ከጎሕ ጀምሮ ያስጠብቃል። ጠባቂው ያንቀላፋባት አንዲት ሰዓት የዓመቱን ድካም ታስበላለችና።

ይህን ምሳሌ ልብ ብለን እንመልከት። ጠባቂው ጭላዳ ከገደል ውስጥ እንዳይኖር፥ ወፍም በሰማይ እንዳይበር ማድረግ አይቻለውም፤ ይህም አይጠየቅበትም። የእርሱ ሥራ በአዝመራው ውስጥ ገብተው እንዳይሰማሩ መከልከል ነው። የሰውም ልቡና እንዲሁ ነው። ክፉ ሐሳብ ሳይጠራ ይመጣል፤ መምጣቱ ብቻውን ኃጢአት ሆኖ አይቈጠርብንም። ነገር ግን ሰው ሐሳቡን ተቀብሎ ያነጋግረዋል፤ ካነጋገረው በኋላ ይስማማዋል፤ ከተስማማው በኋላ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ማደሪያ ያገኘ ሐሳብም ውሎ ሳያድር ወደ ንግግር፥ ከንግግርም ወደ እጅ ይወርዳል። አባቶቻችን መነኮሳት በማር ይስሐቅ፥ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ ትምህርት የሚበረቱት ይህን የሐሳብ አካሄድ ከመነሻው ለይቶ ለማወቅ ነው። ሐሳብን በበር ላይ መመለስ ቀላል ነው፤ በቤት ውስጥ አጎልምሶ ማስወጣት ግን ጭንቅ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 4 ላይ የእግዚአብሔር ሰላም የምእመናንን ልብና ሐሳብ እንደሚጠብቅ ይናገራል። ሐዋርያው ለጥበቃ የተጠቀመበት የጽርእ ቃል ከተማን በጭፍራ መጠበቅን የሚያመለክት ነው። ይህንም የጻፈው ታስሮ ሳለ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ይገለጽልናል። ሥጋውን የቄሣር ወታደሮች ይጠብቁት ነበር፤ ልቡናውን ግን የእግዚአብሔር ሰላም ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ በሰንሰለት ሳለ ስለ ደስታ ጻፈ። በዚያው ምዕራፍ ምእመናን እውነተኛውን፥ ጽድቁን፥ ንጹሑንና መልካም ወሬ ያለበትን ነገር እንዲያስቡ ያዝዛል። ጥበቃ ክፉውን ማባረር ብቻ ስላልሆነ፥ ልቡና ባዶውን እንዳይቀር በበጎ ነገር መሙላት ይገባል።

በደረስጌና በደባርቅ የሆነው

ይህ ነገር በምሳሌ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ይህ አገር ራሱ አይቶታል። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደረስጌ ድል ካደረጉ በኋላ፥ ደጃዝማች ውቤ ራሳቸው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የተበታተነውን አገር አንድ ለማድረግ፥ ሽፍትነትንና ዘረፋን ለማስቀረት የነበራቸው ሐሳብ ታላቅ ስለ ነበረ ኢትዮጵያውያን እስከ ዛሬ ያከብሩታል።

ይሁን እንጂ ኀዘን በኀዘን ላይ ተደረበባቸው። በ1850 ዓ.ም. የሚወዷቸው ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች ዐረፉ። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንሲል ፕላውደን በጎንደር አጠገብ በሸፈተው በጋረድ ወገኖች ቈስሎ ሞተ። በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ ጋረድን ሊቀጡ በዘመቱ ጊዜ ደግሞ ብዙ ዘመን በታማኝነት ያገለገላቸው እንግሊዛዊው ቤል በውጊያው ላይ ወደቀ። ጋረድም በዚያው ተገደለ፤ ድሉ የንጉሡ ሆነ። ነገር ግን ድሉ ልባቸውን አላሳረፈውም፤ በደባርቅ እጅግ ብዙ ምርኮኞች እንዲገደሉ አዘዙ። ከደረስጌ እስከ ደባርቅ መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ከዘውዱ እስከዚያ ቍጣ ድረስም ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ይህን የምናነሣው በሙት ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ፍርድ የእግዚአብሔር ነው። ነገር ግን ትምህርት እናገኝበታለን። ንጉሡ ጀግንነት፥ ብልሃትና ትልቅ ዓላማ አልጐደላቸውም ነበር። ኀዘን ግን ጠባቂ ባልቆመበት በር ገብቶ ወደ ቍጣ ተለወጠ፤ ቍጣውም ጥፋት ያላደረጉትን ከአድራጊዎቹ ሳይለይ በላ። ወዳጅን ማጣት ኃጢአት አይደለም፥ ማልቀስም አያስነውርም፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል። ኀዘንን ለእግዚአብሔር ያልሰጠ ሰው ግን ውሎ አድሮ ለሰይፍ ይሰጠዋል።

ከደባርቅ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ በዛሪማና በአዲ አርቃይ በኩል የሚሄድ መንገደኛ ደግሞ ወደ ዋልድባ ገዳም አገር ይደርሳል። በዚያ የሚኖሩ መነኮሳት እህል አይቀምሱም፤ ምግባቸው ከሥራ ሥር የሚዘጋጅ ቋርፍ ነው። ሥዕለኞቻችን የዋልድባውን አቡነ ሳሙኤልን በአንበሳ ላይ ተቀምጠው ይሥሏቸዋል። ይህን ሥዕል ያየ ምእመን ተአምሩን ካደነቀ በኋላ ምሥጢሩንም ይመልከት። አንበሳው አልሞተም፥ ኃይሉም አልጠፋም፤ ነገር ግን ጻድቁን ተሸክሞ ይሄዳል። ቍጣም በሰው ውስጥ የተፈጠረ ኃይል ነው፤ ክፉን ለመጥላትና ደካማን ለመጠበቅ ይጠቅማል። ልቡና ከተቀመጠበት ያገለግላል፤ በልቡና ላይ ከተቀመጠ ግን ይሰብራል። አንዱ ተራራ በአንድ ወገኑ ቍጣ የነገሠባትን ቀን፥ በሌላው ወገኑ ቍጣ የተገዛበትን ገዳም ያሳየናል።

ስለ መታደስ

ምናልባት አንድ አንባቢ፦ ጥበቃው ካለፈን በኋላ፥ ልቡናችንም ከቈሰለ በኋላ ምን እናድርግ? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው በሰሜን ግርጌ ላለ ሰው የሩቅ ጥያቄ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በቀረበ ጊዜ በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ፤ ብዙ ቤትም ያለ አባወራ ቀረ። ከቆላው ሸሽተው የመጡ ወገኖችም ደባርቅን ሞልተውት ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። የጦር ዘመን ለሥጋ ብቻ አይከፋም። እንቅልፍ የራቀው አባት፥ በድምፅ ሁሉ የሚደነግጥ ሕፃን፥ ያንኑ ቀን ሌሊት ሌሊት የምታየው እናት ቍስላቸው ከውጭ አይታይም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ እንዲህ ያለው ልቡና ዝም አላሉም። ንጉሡ ናቡከደነፆር በትዕቢት አእምሮውን አጥቶ እንደ እንስሳ ሣር በልቷል፤ ዐይኑን ወደ ሰማይ ባነሣ ጊዜ ግን አእምሮው ተመለሰለት። በመቃብር መካከል ይኖር የነበረው፥ ሰንሰለት ያልያዘው ሰው ከጌታችን ጋር ከተገናኘ በኋላ ልብሱን ለብሶ፥ ልቡናው ተመልሶለት ተቀምጦ ተገኝቷል። ሰው በሰንሰለት ሊያስታግሠው ያልቻለውን ጌታ በቃሉ አሳረፈው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ነቢዩ ኤልያስን እናስብ። ያ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠና ነፍሱን ይወስዳት ዘንድ እግዚአብሔርን ለመነ። እግዚአብሔርም ይህን ድካሙን አልነቀፈበትም፤ አስቀድሞ እንቅልፍ ሰጠው፤ መልአኩም እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ እንደገናም አስተኝቶ እንደገና መገበው። ከዚያ በኋላ በተራራው ላይ በነፋስ፥ በምድር መናወጥና በእሳት ሳይሆን በቀጭን ድምፅ አነጋገረው። ከዚህ የምንማረው ያዘነውን ሰው በተግሣጽ ከመጀመር ይልቅ በማብላት፥ በማሳረፍና አጠገቡ በመቀመጥ መጀመር እንዲገባን ነው። ኤልያስም ያን ጊዜ ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ሰባት ሺህ ወንድሞች እንዳሉት ነገረው። ተስፋ የቈረጠ ልቡና ሁልጊዜ ራሱን ብቻውን ያያል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ብቻውን አለመሆኑን ታሳየዋለች።

ለዚህም አባቶቻችን ለኀዘን ሥርዓት ሠርተውለታል። በሦስተኛው፥ በሰባተኛው፥ በአርባኛው፥ በሰማንያኛው ቀንና በሙት ዓመቱ ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል፤ ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ስለ ሟቹም ነዳያን ይበላሉ። ይህ ሥርዓት ለሟቹ የምሕረት ልመና ሲሆን ለቋሚውም መድኃኒት ነው። ኀዘንተኛው በአንድ ቀን እንዲረሳ አይገደድም፤ ዘመኑንም ሁሉ በአንዲት ቀን ታስሮ እንዲቀር አይተውም። ከቀን ወደ ቀን ደረጃ በደረጃ፥ ከልቅሶ ወደ ጸሎት፥ ከጸሎት ወደ ተስፋ ትንሣኤ ይወጣል። ስለዚህ ካህናት አባቶች ይህን ሥርዓት የድግስ ብድር ማብዣ እንዳይሆን አድርገው በጸሎትና በምጽዋት ያጽኑት።

ስለ ቂምና ስለ ይቅርታ

ልቡናን ከማደስ ይልቅ የሚያስረጅ ነገር ቢኖር ቂም ነው። በአገራችን አባቱ የተገደለበት ልጅ ደመላሽ ተብሎ ስም ሲወጣለት ብዙ ጊዜ ታይቷል። ይህን ስም የያዙትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ስማቸውን ያወጣው ኀዘን ነው። ነገር ግን ነገሩን እናስተውል፤ ሕፃኑ ገና ማሰብ ሳይጀምር የሚያስበው ነገር ታዘዘለት፤ እግሩ ሳይጸና መንገዱ ተወሰነለት። ቤተ ክርስቲያን ግን ያንኑ ሕፃን በአርባኛው ቀን ተቀብላ ከውኃና ከመንፈስ ትወልደዋለች፤ ገብረ ማርያም፥ ኃይለ ሚካኤል፥ ወልደ ጊዮርጊስ ብላም ሌላ ስም ትሰጠዋለች። እንግዲህ ይህ ልጅ ሁለት ስም አለው። ባደገ ጊዜ በየትኛው እንደሚጠራ የልቡናው ጥያቄ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው በምዕራፍ 12 ምእመናን ይህን ዓለም መምሰልን ትተው በልብ መታደስ እንዲለወጡ ሲመክር፥ በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ በቀልን ለእግዚአብሔር እንዲተዉና የተራበ ጠላታቸውን እንዲያበሉ ያዝዛል። የልቡና መታደስ የተጀመረው በዚህ ምክር ነው፥ የሚፈተነውም በዚሁ ነው።

ይቅርታ ማለት የሆነውን አልሆነም ማለት አይደለም። ፍርድ አይኑር፥ የሞቱትም ይረሱ ማለት አይደለም። ይቅርታ ማለት ገዳዩ በልቤ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዕድሜዬን በሙሉ አይገዛኝም ማለት ነው። አገራችን ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎችንና መስቀል ይዘው በሁለት ወገን መካከል የሚቆሙ ካህናትን አጥታ አታውቅም። ከተከዜ ማዶም ልጇን በጦርነት የቀበረች እናት አለች፤ እርሷም በዚያው ጥምቀት የተጠመቀች፥ ያንኑ ሥጋና ደም የምትቀበል ናት። ሁለቱ እናቶች በአንድ ቅዳሴ ፊት ቢቆሙ የሚያቀርቡት እንባ አንድ ነው። ይህን ማሰብ ከባድ ነው፤ በሰው ኃይል ብቻ ስለማይቻልም ጸጋ እንለምንበታለን። በዳባት አጠገብ በዓለም ዋጭ ለኤርትራ ስደተኞች የተከፈተው መጠለያም ለምእመናን መሠልጠኛ ነው፤ በገዛ ኀዘኑ የተከበበ ሰው እንግዳ መቀበልን በጀመረ ጊዜ የገዛ ልቡናው መዳን ይጀምራልና።

ስለ ጠበልና ስለ ሐኪም

በዚህ ጉዳይ ለካህናትም ለምእመናንም አንድ ምክር ማቅረብ ያስፈልጋል። የአእምሮ ሕመም ያገኘው ሰው ሁሉ እምነት ስለ ጐደለው ታመመ ማለት አይገባም። ራስ እንደሚታመም፥ ልብም እንደሚደክም አእምሮም ይታመማል። ኢየሱስ ወልደ ሲራክ በመጽሐፉ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንዲገባ፥ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል፤ በሽተኛውም እንዲጸልይ፥ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ በአንድነት ይመክራል። ስለዚህ ወደ ጠበል የሚሄድ ሕመምተኛ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዲተው ማድረግ ትልቅ ጥፋት ነው፤ በሰንሰለት አስሮ መምታትም ከክርስቶስ ሥራ ጋር አይስማማም። ጌታ ሰንሰለት ፈታ እንጂ አላሰረም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ በአዲስ አበባ በአማኑኤል ሆስፒታል ሕክምና ይሰጣልና፥ የንስሐ አባት ልጁ ሲታመም ጸሎቱን ሳያቋርጥ መንገዱን ያሳየው፥ ቢቻለውም አብሮት ይሂድ።

ልቡና የሚታደስበት ዕለታዊ ሥርዓት

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በኋላ ግን ግጦሽና እርሻ በዝቶበት፥ ዋልያውም ተመናምኖ በ1989 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በአደጋ ላይ ካሉት ጋር ተቈጠረ፤ ጥበቃ ከተደረገለትና ሣሩ ዕረፍት ካገኘ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ምድር እንኳ ጠባቂና ዕረፍት ስታገኝ ታገግማለች። ልቡናም እንዲሁ የሚጋጥበት በዝቶ የደከመ መስክ ነው፤ ወሬው፥ ሥጋቱ፥ ክርክሩ፥ በየእጃችን ባለው ስልክ ሌሊትና ቀን የሚመጣው የጥላቻ ቃል ሁሉ ይግጠዋል። ስለዚህ አጥር እናድርግለት፥ ዕረፍትም እንስጠው።

1. ጠዋት ከወሬ በፊት ጸሎት ይቅደም። ዳዊት ወይም ውዳሴ ማርያም የሚያውቅ ያንን ይድገም፤ የማያውቅ አቡነ ዘበሰማያትን በማስተዋል ይበል።

2. ጾም በአፍ ብቻ አይሁን፤ ጆሮም ከሐሜት፥ ዐይንም ከደም ሥዕል፥ ልብም ከቂም ይጹም።

3. የሚያስጨንቅ ሐሳብ ያለው ሰው ሐሳቡን ብቻውን አይሸከም፤ ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ይግለጠው። በጨለማ ያለ ሐሳብ ያድጋል፥ በብርሃን የወጣ ግን ይደርቃል። ካህኑም ምሥጢር ጠባቂ፥ ታጋሽ ሰሚ ይሁን፤ ቶሎ ከመፍረድ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይስማ።

4. ሰንበትን እናክብር፥ በቅዳሴም ላይ ሥጋችን ብቻ እንዳይቆም እንትጋ። ዲያቆኑ ምእመናን እንዲነቁ ደጋግሞ የሚያሳስበው ልቡና ተኝቶ ሥጋ ብቻ ሊቆም እንደሚችል አባቶች ስላወቁ ነው። ተዘጋጅተንም ሥጋውን ደሙን እንቀበል፤ ለልቡና ከዚህ የሚበልጥ አዳሽ የለውምና።

5. ያዘነ ሰው ከእርሱ ይልቅ ላዘነ አንድ በጎ ሥራ ይሥራ። የሟችን ማሳ የሚያርስ ጎረቤት፥ ለመበለቲቱ ውኃ የምትቀዳ ልጅ ከብዙ ቃል የበለጠ ያጽናናሉ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይፈጸምም። ገብስም በአንድ ቀን አያሽትም፤ ቍስልም በአንድ ሌሊት አይሽርም። ነገር ግን ዛሬ በበሩ ላይ ጠባቂ ያቆመ ሰው ነገ የሚሰበስበው ያገኛል። በደባርቅ የደረሰው የቍጣ ቀን እንዳይደገም፥ በጭና ያለቀሱ ዐይኖችም መጽናናትን እንዲያዩ፥ ልጆቻችንም ከበቀል ስም ይልቅ በጥምቀት ስማቸው እንዲኖሩ ልቡናችንን ለአምላካችን እንስጥ። የኤልያስን ድካም ያልናቀ፥ የመቃብሩን ሰው ልቡና የመለሰ ጌታ የእኛንም ልቡና ይጠብቅልን፥ ያድስልንም፤ ለአገራችን ሰላሙን፥ ለኀዘንተኞች መጽናናትን፥ ለሞቱት ወገኖቻችን ዕረፍትን ይስጥልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የአቡነ ሳሙኤልና የቅዱሳን ሁሉ በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።